የልጆች ሜትር

ጠዋት ጠዋት እኔ ሹፌር ነኝ፣ እነሱ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬ ብቻ ትቀመጣለች። አባቴና ልጄ ከኋላ ናቸው። አባቴ ቀበቶውን አስሮ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ልጄ አጠገቡ፣ በልጅ ወንበሯ ውስጥ፣ ጀርባዋን ለሚመጣው መንገድ ሰጥታ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ትቀመጣለች። ከቤት እስከ ሕፃናት ማቆያው አርባ ደቂቃ ነው፤ መንገድ ከተጨናነቀ ሃምሳ። አርባውንም ደቂቃ ሲያወሩ ይሄዳሉ፤ እኔን ከቁም ነገር የሚቆጥረኝ የለም። የታክሲ ነጂ እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ እሱን ቢያንስ ሲወርዱ ያመሰግኑታል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ዓመት ልብስ ፋብሪካ ሠራ፣ ከዚያ የራሱን ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ከማቆያው አለፍ ብሎ ነው፤ አሁንም ግማሽ ቀን እየገባ ዚፕ ይቀይራል፣ ሱሪ ያሳጥራል። ከፋብሪካው ይዞት የወጣው ትልቁ ነገር የጆሮ ችግር ነው። ሦስት መቶ የስፌት መኪና በአንድ አዳራሽ ሲንጫጫ ሃያ ዓመት ሰምቶ ሰምቶ ጆሮው በቃኝ አለ። የመስሚያ መሣሪያ ገዝተንለታል፤ የልብስ ቁልፍ በሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር ይኖራል። "ያፏጭብኛል" ይላል። ስለዚህ የሚሰማው በዐይኑ ነው። ሰው ፊቱን አዙሮ ከንፈሩን ካሳየው፣ ጮክ ባይልም ይገባዋል። የማይፈልገውን ነገር ግን ፊት ለፊት ቆሞ ቢነግሩትም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ይሄኛው የፋብሪካው ጥፋት አይደለም።

ልጄን ቁልፌ ይላታል። ስትወለድ ፊቷ ክብ፣ እሷም ትንሽ ነበረችና፣ "ከካፖርት ላይ የወደቀች ቁልፍ ትመስላለች" አለ። እንደዚያው ቀረ። ሁላችንም ቁልፌ እንላታለን። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቁመቷ ግን በአባቷ ወጥታ እንደ ሸንበቆ ነው የምትመዘዘው። ስታወራ ትቸኩላለች፣ ከቃሉ ግማሹ አፏ ውስጥ ይቀራል። እኔ እናቷ ሆኜ ግማሹ አይገባኝም። አባቴ ከንፈሯን እያየ ስለሚሰማ አንዷም አታመልጠውም። ከፊት ሆኜ "ምን አለች አባዬ?" ብዬ እጮሃለሁ።

"ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና አንድ ዐይኑ ጠፍቷል ነው የምትልሽ" ይለኛል።

በስፖኪዮ ሳይ እውነትም የጭነት መኪናው አንዱ መብራት አይሠራም።

"እኔ የሚመጣውን እነግራታለሁ፣ እሷ ያለፈውን ትነግረኛለች" አለኝ አንድ ቀን። "ጥበቃውን ተከፋፍለን ነው የምንሄደው።"

ይህ ሁሉ ሰላም ቁልፌ ወደ ፊት ዞራ የምትሄድ ጓደኛ ማቆያው ውስጥ እስክታገኝ ድረስ ነበር። ጓደኛዋ ወደ ፊት ታያለች፣ መሪ ታያለች፣ የእናቷን ጀርባ ታያለች። ቁልፌ ይህን ከሰማች በኋላ መቀመጥ እንቢ አለች። ቀበቶዋን ልናስር ስንል ጀርባዋን እንደ ጣውላ ትገትራለች። ረዣዥም እግሮቿን አጥፋ መቀመጡም ሰልችቷት የኋላውን መደገፊያ በጫማዋ ትደበድባለች። "አዙሩኝ! አዙሩኝ!" ነው ጠዋትም ማታም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል አርፍጄ የደረስኩ ሰው ነኝ። ሁለት ሳምንት ቻልኩ። በሦስተኛው ለባሌ ደወልኩ።

ባሌ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ከወር ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ነገር አያበዛም።

"ወንበሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ስንት ነው የሚለው?" አለኝ።

"ወደ ኋላ እስከ መቶ ሴንቲሜትር። ከዚያ ወደ ፊት።"

"መቶ ሲሞላት እናዞራታለን። መቶ ሳይሞላ አንነካትም። የልጅ አንገት ገና ጭንቅላቱን በደንብ አይሸከምም። መኪና ድንገት ሲቆም፣ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ጀርባውን በሙሉ ወንበሩ ይቀበለዋል። ወደ ፊት የዞረው ግን ግፊቱን በአንገቱ ብቻ ነው የሚቀበለው። እኔ መንገድ ላይ ያየሁትን አንቺ አላየሽም፣ ባታዪውም ይሻላል።"

"እሺ፣ መቶ።"

"አባባስ ምን አሉ?"

"ምንም አላለም። እናንተ ታውቃላችሁ ነው ያለኝ።"

እንዲህ ያለኝ ደግሞ ሱሪ እየቀመቀመ፣ ቀና ሳይል ነው። በጊዜው ልብ አላልኩትም።

ስለ እኔ ሥራ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። የመሬት ቀያሽ ነኝ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ መሬት ሲካሰሱ ሄጄ የምለካው፣ ካስማ የማስመታው፣ ፈርሜ የማስረክበው እኔ ነኝ። ቢሮዬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የማስተምረው አንድ ነገር አለ። ከመለካትህ በፊት የሜትርህን ጫፍ እይ፤ ዜሮው ቦታው ላይ ነው ወይ? ብዙ ሰው ስቆበት ያልፋል። እኔ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም። መሥሪያ ቤት አላውቅም ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፌን ልለካ ተነሳሁ። የእኔ የብረት ሜትር በመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ሌላ ሜትር ያለው የአባቴ የስፌት ሳጥን ውስጥ ነው። ያን ሳጥን በልጅነታችን መንካት ክልክል ነበር፤ መቀሱን ወረቀት እንቆርጥበታለን ብሎ ይፈራል። ከፍቼ ሳይ ሁለት ሜትር አለ። ቢጫው ከላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ነጩ ከሥር ነው፣ ጫፉ በቀይ ክር ተጠምጥሟል። ነጩን "የልጆች ሜትር" ሲለው ድሮ ጀምሮ እሰማለሁ። ታዲያ የምለካው ልጅ አይደል? የልጆቹን አነሳሁ።

ቁልፌን ከበሩ መቃን ጋር አስደግፌ አቆምኳት። ተረከዟን አስጠጋሁ፣ ጭንቅላቷ ላይ መጽሐፍ አስተኛሁ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ባለ ቀይ ክሩን ጫፍ ወለሉ ላይ በእግሬ ረግጬ ሜትሩን ወደ ላይ ሳብኩ። ምልክቱ ያረፈው መቶ ላይ ነው፣ ልቅም ያለ መቶ።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፤ ክር የገባበት መርፌ በእጁ ይዟል። መጀመሪያ ሜትሩን አየ፣ ከዚያ መቃኑ ላይ ያለውን ምልክት፣ ከዚያ እኔን።

"ደረሰች?" አለኝ።

"ደረሰች አባዬ። መቶ።"

አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ሊል ነበር። ከዚያ ከደነው፣ ቁልፌ ደስ ብሏት ስትዘል ትንሽ አያት፣ "ደግ" አለ። ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ላይ ጠቀለለና ሳጥኑ ሥር መለሰው። ዕቃውን ስለነካሁ የተቆጣ መሰለኝ።

ለባሌ ደወልኩ። "በደንብ ለካሽ?" አለኝ።

"ሰውዬ፣ ሥራዬ ምንድነው?" አልኩት።

ሳቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት ወንበሩን ፈትቼ ወደ ፊት አዞርኩት።

ሰኞ ጠዋት ቁልፌ እንደ ንግሥት ተሰይማ ወጣች። መንገዱን አየች፣ መሪውን አየች፣ የትራፊክ ፖሊሱን ነጭ ጓንት አየች፤ ያየችውን ሁሉ ትለፈልፋለች። ዐይኗ ከፊቷ መስታወት አይነቀልም። አባቴ አጠገቧ ተቀምጧል። የሚታየው ጉንጯ ነው፣ አፏ አይታየውም።

"ምን አለች?" አለኝ።

"ፖሊሱ ጓንት አድርጓል ነው የምትለው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን?"

"ጓንት! ፖሊሱ!"

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ምን አለች?" እኔ እየነዳሁ፣ ፍሬቻ እያበራሁ፣ ግማሹን ሳይገባኝ እተረጉማለሁ። የቀድሞው አስተርጓሚ ጠያቂ ሆነ፣ ጠያቂዋ አስተርጓሚ ሆንኩ። ለዚያውም ጎበዝ አስተርጓሚ አይደለሁም። ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ረቡዕ አንድ ጊዜ። ሐሙስ አልጠየቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጎን መስኮት ውጭውን ያያል። በስፖኪዮ አየሁት። ግን ለቁልፌ የገባሁት ቃል አለ፣ ቁጥሩም ሞልቷል፣ መኪናውም ውስጥ ለቅሶ የለም። ዝም ብዬ ነዳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ነው። ከዳቦ ቤቱ ማዶ ካለው ቀጭን መንገድ አንድ ብስክሌት ሳይታሰብ ዘው ብሎ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። ቦርሳዬ ከወንበሩ ወለሉ ላይ ወደቀች። ብስክሌተኛው እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ዞር ስል የቁልፌ ጭንቅላት ወደ ፊት ተወርውሮ ተመልሷል፤ አልተጎዳችም፣ እንዲያውም "እንደገና!" አለች። አባቴ ግን ክንዱን ደረቷ ላይ ዘርግቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። ክንዱ ማቆያው እስክንደርስ ድረስ አልወረደም።

እሷን አስገብቼ ስመለስ "አንቺ ልጅ…" ብሎ ጀመረ።

"እህ?"

"ቀስ ብለሽ ንጂ" አለኝ።

ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው። ሽማግሌ ሲደነግጥ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ቁልፌ የክትትል ቀጠሮ ነበራት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ መዘነቻት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው መለኪያ አስደግፋ ቁመቷን አየችና ካርዱ ላይ ጻፈች።

"ዘጠና ሰባት" አለች።

"መቶ ናት" አልኩ።

"ዘጠና ሰባት ናት እናቷ።"

"ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ራሴ ከሁለት ሳምንት በፊት ለክቻታለሁ። መቶ ናት። ልጅ አያጥርም። ምናልባት መለኪያችሁ ሲለጠፍ ወደ ላይ ሄዶ ይሆናል።"

ነርሷ ሰባት ሰው የሚጠብቃት ሴት ነበረች። ቢሆንም ደግ ናት፤ ከመሳቢያዋ የራሷን ሜትር አውጥታ ፊት ለፊቴ ለካቻት። ዘጠና ሰባት። ከዚያ ሜትሩን ወለሉ ላይ ስታሳርፍ ጫፉን አየሁት። ዜሮው ጫፉ ላይ ነው። ቀይ ክር የለውም። ካርዱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቁልፌን ማቆያው አድርሼ ቀጥታ ወደ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ጠዋት ከእኛ ጋር መጥቶ፣ ከቀጠሮው በፊት እዚያ ወርዷል። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ድረስ የተሰቀለ የሰው ልብስ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ምስማር ላይ ሌላ ነጭ ሜትር ተሰቅሏል፣ እሱም ጫፉ በቀይ ክር ተጠምጥሟል። አወረድኩት። ጠረጴዛው ላይ ካለው የእንጨት መለኪያ ጎን ዘረጋሁት። ከክሩ ቀጥሎ የሚታየው የመጀመሪያ ቁጥር አራት ነው።

አባቴ ጃኬት እየጠገነ ነበር። እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ፤ መኪናው ቆመ።

"አባዬ፣ ይሄ ሜትር ተቆርጧል።"

"አዎ።"

"የቤቱስ?"

"እሱም። ሁለቱንም እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው፤ አንቺ ሳትወለጂ።" መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ልጅ ለዛሬ አይሰፋለትም። እናትየዋ ይዛው ትመጣለች፤ ልክ በልኩ ብትሰፊለት በሦስት ወር ትመለስና ጨርቄን በላሽብኝ ትልሻለች። ስለዚህ ሦስት ሴንቲ ትጨምሪያለሽ። እኔ ደግሞ አንዳንዴ መጨመሩን እረሳለሁ። አንድ ጊዜ ረስቼ የሰው ልጅ የዓመት ልብስ አበላሸሁ። ከዚያ ሦስቷን ከሜትሩ ላይ ቆርጬ ተገላገልኩ። እኔ ብረሳም ሜትሩ አይረሳም።"

ልጅ ሆኜ እጅጌዬ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ይታጠፍ ነበር። የትምህርት ቤት ልብሴ በየዓመቱ ከእኔ ትንሽ ይቀድመኝ ነበር። በግምት የሚያሰፋው ይመስለኝ ነበር። በዚህ ነገር ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን የብስክሌቱ ቀን ትዝ አለኝ።

"ቅዳሜ ለት ስለካት አይተኸኛል?"

"አይቻለሁ።"

"በዚህኛው እንደለካሁ አውቀሃል?"

"ቀዩን ክር አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላም አፌን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጃኬቱን ጭኑ ላይ አጠፈው።

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ከዞረች ወዲያ እንደማልሰማት አውቃለሁ። ቆዩ፣ ገና ናት ብልሽ፣ ይሄ ሽማግሌ ለራሱ ጨዋታ ብሎ ልጅቷን ሊያስለቅስ ነው ትሉኛላችሁ። እናንተ ባትሉኝ እኔ ራሴን እለዋለሁ። እውነት የምናገረው ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለእኔ? ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። እና ሆድ ይፍጀው አልኩ።"

ተናደድኩ። በሕይወቴ በአባቴ ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ግን ድምፅ አላወጣሁም፤ ለእሱ ድምፅ አያስፈልገውም። በከንፈሬ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ "የብስክሌቱ ቀን ብንጋጭስ ኖሮ?" አልኩት።

ገባው። ዐይኑ ወዲያው ሞላ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት እናቴ የሞተች ዕለት ብቻ ነው።

"ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም" አለ። "ያን ዕለት ልነግርሽ ነበር። እስከ ዛሬ የት ነበርክ ትይኛለሽ ብዬ ደግሞ ፈራሁ። አንዱ ይሉኝታ ሌላውን ወለደ። አጥፍቻለሁ ልጄ።"

አጥፍቻለሁ የሚለውን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። የእኔም ነገር መጣብኝ። እሱ ለብቻው አይደለም ያጠፋው።

"እኔም አይቼ ነበር" አልኩት። "ምን አለች ማለትህን ስታቆም በስፖኪዮ አይቼሃለሁ። ጠይቄህ ቢሆን ትነግረኝ ነበር። ለቅሶ ቀርቶልኝ ስለነበር እንዳይመለስብኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

አንድ ሰው ሱሪውን ሊወስድ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ሁለታችንን አየና "እመለሳለሁ ጋሼ" ብሎ ሄደ።

አባቴ መነጽሩን በጃኬቱ ገበር ጠረገ። "ለመሆኑ አንቺ ቀያሽ አይደለሽም?" አለኝ። "የሰው መሬት ስትለኪ የሜትሩን ጫፍ አታይም?"

"አያለሁ።"

"የራስሽ ልጅ ስትሆንስ?"

"ቸኮልኩ።"

"የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል" አለ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከሳቁ ይልቅ ግን እጄን ይዞ መቆየቱ ነው ልቤን ያሳረፈው።

ወንበሩን እዚያው ሱቁ ደጃፍ፣ ሁለታችንም ወገባችንን መኪናው ውስጥ አስገብተን ወደ ኋላ መለስነው። ማታ ለባሌ ስነግረው "ሰውዬ፣ ሥራዬ ምንድነው ያለችኝ ሴትዮ አለች?" አለ። አሁንም ድረስ በማንኛውም ጭቅጭቅ መሀል ይመዝብኛል። አባባን እንዳልቆጣ ግን ደጋግሞ ለመነኝ።

ቁልፌ አልማረችንም። አራት ቀን አለቀሰች። በአምስተኛው ደከማት። አባቴ በየወሩ መጀመሪያ ከበሩ መቃን ጋር እያስደገፈ በቢጫው ሜትር ይለካታል፤ የሜትሩን ጫፍ መጀመሪያ ለእኔ ያሳየኛል። "ዜሮ ናት ወይ፣ መሐንዲሷ?" እያለ ይዘባበትብኛል። ዘጠና ሰባት ተኩል። ዘጠና ስምንት።

በመኪናው ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። እንደ ድሮው ፊት ለፊት ናቸው፤ አባቴ ግን አያያትም። ሆን ብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ቁልፌ ታወራለች፣ እሱ ውጭውን ያያል። ደግማ ታወራለች፣ ንቅንቅ አይልም። በስፖኪዮ እያየሁ ከፋኝ። ልጅቷ ሰልችታው ይሆን እንዴ አልኩ። አንድ ቀን ግን ቁልፌ ትንሽ እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ወዲያው ዞረ።

"አቤት ቁልፌ" አላት።

ነገረችው። መለሰላት። ከዚያ እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረ። የሆነ ጨዋታ ፈጥረዋል አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሳትነካው መናገር ጨርሳ ተወች። ሁለት ጊዜ ትመታዋለች፣ እስኪዞር ትጠብቃለች፣ ፊቷን ቀና አድርጋ ከንፈሯን ታሳየዋለች፣ ያኔ ታወራለች። ቤትም ውስጥ እንደዚያው ሆነች። እኔን እንኳ ጉልበቴን መታ መታ ሳታደርግ ውሃ አትጠይቀኝም። አሁንም ግን የገባኝ አይመስላችሁ።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ አባቴ መቃኑ ሥር ተንበርክኮ ቢጫውን ሜትር ሳበ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ አንዴ ደግሞ አየ። የመርፌውን ቀዳዳ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

"መቶ" አለ።

"በቢጫው ነው?"

"በቢጫው። ነይ ራስሽ እዪ።"

አየሁ። መቶ ናት። አባቴ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና፣ እኔ ሳልቀድመው፣ የመኪናውን ቁልፍ ከመስቀያው ላይ ወሰደ። ወንበሩን ራሱ ፈታ። ራሱ አዞረ። ቀበቶውን በጉልበቱ ተጭኖ አጠበቀ፣ ደግሞ ነቀነቀው፣ እንደገና አጠበቀው። ልርዳህ ብለው እንቢ አለኝ። እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ ያየሁት ጀርባውን ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቁልፌ ወደ ፊት ዞራ ተሰየመች። አባቴ ቀበቶውን አሰረ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የመጀመሪያውን መንገድ ሁለቱም ዝም ብለው ሄዱ። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አዘጋጅቼ፣ ለትርጉም ተዘጋጀሁ።

ዳቦ ቤቱ ማዶ ያለው መብራት ቀይ ሆነብን። ቆምን። በስፖኪዮ አየኋት። ቁልፌ ዐይኗን ከፊቷ መስታወት ላይ ነቀለች፣ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፣ የአባቴን ጉልበት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች፣ ጠበቀች። ዞረ። እሷም አንገቷን አዙራ ፊቷን በሙሉ ሰጠችው። ያኔ ነው የአምስት ወሩ መስኮት የገባኝ። አባቴ ለምትዞርበት ቀን ሦስቷን ሴንቲ ሲሰፋላት ነው የከረመው።

የሆነ ነገር አለችው፣ ረጅም ነገር፣ ግማሹ አፏ ውስጥ የቀረ። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። አባቴ ግን ከሆዱ ሳቀ።

"ምን አለች አባዬ?" አልኩ።

አልሰማኝም። እሷን እያየ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳሁ።